ብስክሌትሽን አትጫኚ፣ ፔዳልሽን ብቻ ይዘሽ ነዪ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ፍራንክፈርት ጭጋግ በጭጋግ ሆናለች። የማታ ፈረቃ ጨርሼ ገባሁ፣ ቡና አፈላሁ፣ ይሄው ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው።

ስለ ዝምታው ብዙ አላወራም። ሥራው፣ ልጅ ማሳደጉ፣ ቤት መቀየሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአገር ቤቱ ወሬ ከብዶ ስልክ ማንሳት የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናወራዋለን። የምጽፍልሽም እንድንገናኝ ነው።

ወንድምሽን እዚህ ሰርግ ላይ አገኘሁት። ስለ አንቺ ስጠይቀው ምን አለኝ መሰለሽ? "እሷማ የኮርሳ ብስክሌት ገዝታ እዚያ ስዊድን ሜላረን ሐይቅን ስትዞር ነው የምትውለው።" ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። እኔም እኮ እዚህ ከከተማው በላይ ያለው ታውኑስ ተራራ ላይ በየቅዳሜው ስወጣና ስወርድ ነው የከረምኩት። ባሕር ዳር በሰዓት እየተከራየን ቤዛዊት ድረስ በእግራችን እየገፋን ወጥተን በአንድ ትንፋሽ የምንወርደው ትዝ አለኝ። በፈረንጆቹ 2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደውለን ተጯጩኸን ነበር። በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ቱሪን ላይ ሲያሸንፍ፣ በኋላም በነጥብ የሚመራው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ውድድሩ እስካለቀበት ኒስ ድረስ ይዞ ሲገባ ግን ለየብቻችን አየነው። ይሄ አይደገምም።

ስለዚህ በሜይ ማዮርካ እንሂድ። ሁለታችን ብቻ።

ማዮርካ የስፔን ደሴት ናት፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ። ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ከሰፈራችን የብስክሌት ቡድን ጋር ሄጄ ነበር። ደሴቷን ወደድኳት፣ አካሄዳችንን ግን አልወደድኩትም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ኪሎ ሜትርና ስለ ፍጥነት ነው፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሰን ባሕሩን እንኳ ሳናይ ሰዓታቸውን አይተው ይወርዳሉ። በዚያ ላይ ማርች ተራራው ላይ ብርድና ዝናብ አለው። ያን ጊዜ ነው ይህን አገር በሜይ፣ ከሚያወራኝ ሰው ጋር፣ በቀስታ ልየው ያልኩት። ያ ሰው አንቺ ነሽ።

የፈረንሳይዋን ደሴት ኮርሲካንም አስቤ ነበር። በ2013 መቶኛው ቱር ደ ፍራንስ የተጀመረው እዚያ ነው፤ ተራራዋም ከማዮርካ ይበልጣል፣ ኮል ደ ቬርዥዮ የሚባለው መተላለፊያ 1478 ሜትር ላይ ነው። ግን መንደሮቹ ተራርቀዋል። ብስክሌት ቢበላሽ ወይ ቢደክመን ውጣ ውረዱ ብዙ ነው። ማዮርካ ውስጥ ግን በየከተማው ጥሩ ብስክሌት የሚያከራይ አለ፣ የሚጠግን አለ፣ ሹፌሩም ብስክሌተኛ ለምዷል። በስፔን ሕግ መኪና ሲያልፍሽ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት። ለመጀመሪያ የጋራ ጉዟችን እሷ ትሻላለች፤ ኮርሲካ ለሌላ ዓመት ትቆየን።

ቀኑን እንዲህ አሰብኩት። በ2026 ፋሲካ ኤፕሪል 12 ነው። ከዚያ በፊት ጾም ስለሆነ አይሆንም፤ ዳገት እየወጡ መጾም ይከብዳል። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ደግሞ ማዮርካ 312 የሚባለው ትልቅ ጉዞ አለ፣ ስሙ እንደሚለው 312 ኪሎ ሜትር፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣል፣ አልጋም ይወደዳል። ስለዚህ ከሜይ 2 እስከ ሜይ 10። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፣ ምግብ አንቸገርም። ሙቀቱም ገና አልከረረም፤ ጁላይና ኦገስት ላይ ያን ዳገት መውጣት ራስን ማቃጠል ነው።

መጀመሪያ ሰሜኑ ላይ ፖርት ደ ፖዬንሳ እናርፋለን። ባሕሩ ዳር ነው፣ ከጀርባው ሜዳ አለ፣ እግራችንን እናፍታታለን። ከዚያ ተነስቶ ወደ ፎርመንቶር መብራት ቤት የሚሄደው መንገድ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መድረሻው ከባሕሩ 200 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ገደል ላይ። በመሃል ዋሻ ስላለ መብራት ያዢ። ፍየሎች መንገዱ መሃል ይቆማሉ፣ አይፈሩም። ንፋሱ ጎን ለጎን ሲመታሽ መሪውን አጥብቀሽ አትጨብጪው፤ ክንድሽን ላላ አድርጊ። መኪና ሳይበዛ በጠዋት እንሂድ።

ረቡዕ ሻንጣችንን ለታክሲ ሰጥተን ወደ ሶዬር እንዛወራለን። ረቡዕን የመረጥኩት መሃል አገር ያለችው ሲኔው የገበያ ቀኗ ስለሆነ ነው፤ ከብት ሳይቀር የሚሸጥበት የቆየ ገበያ ነው። እዚያ ምሳ በልተን በድሮው መንገድ ኮል ደ ሶዬርን እንሻገራለን። ከ1997 ጀምሮ መኪናው በተራራው ሥር በተከፈተው ዋሻ ስለሚያልፍ የድሮው መንገድ፣ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ፣ ለብስክሌተኛ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ጫፉ 500 ሜትር አይሞላም። ለአንቺ ጥሩ መለማመጃ ነው።

ሶዬር የብርቱካን አገር ነው። ወደ ወደቡ የሚወርድ ከ1913 ጀምሮ የሚሠራ የእንጨት ትራም አለ። ተጠንቀቂ፣ ሐዲዱን ቀጥ ብለሽ አቋርጪው እንጂ በሰያፍ አትሻገሪው፤ ቀጭን ጎማ ሐዲድ ውስጥ ከገባ ሳታስቢው መሬት ላይ ነሽ። ሐሙስ በዴያና በቫልዴሞሳ በኩል ባኛልቡፋር ድረስ እንሂድ። ባሕሩ በቀኝሽ፣ ተራራው በግራሽ ይሆናል፣ ገደሉ ሁሉ በድንጋይ ካብ እርከን ተሠርቶበታል። ያለ ጭቃና ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ወይራና ወይን ይበቅልበታል። እኔ ሳየው ኮንሶ ነው የመጣብኝ። በኋላ ሳነብ ይህ ትራሙንታና የሚባለው የማዮርካ ተራራና የኮንሶ እርከን በዩኔስኮ የተመዘገቡት በአንድ ዓመት፣ በ2011 ሆኖ አገኘሁት። ተራራን በእጁ አርሶ የኖረ ሕዝብ የትም ቢሆን ይተዋወቃል። እዚያ መቆም እፈልጋለሁ፣ ከአንቺ ጋር፣ ማንም ሰዓት ሳያይብን።

አሁን ወደ ሳ ካሎብራ ልምጣ። ሰው ሁሉ ማዮርካ የሚሄደው ለእሱ ነው፣ እኔም ደብዳቤውን ስጀምር እዚህ ለመድረስ ነበር የቸኮልኩት።

መንገዱ 682 ሜትር ላይ ካለው ኮል ዴልስ ሬይስ ተነስቶ እስከ ባሕሩ ይወርዳል፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ያህል። ታች ትንሽ ወደብና በገደል መሃል ወደ ባሕር የሚወጣ የወንዝ ሸለቆ አለ፣ ሌላ የመኪና መንገድ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ያንኑ ትወጪዋለሽ። በ1932 ያሠራው አንቶኒዮ ፓሪየቲ የሚባል መሐንዲስ ነው፣ የፎርመንቶርንም የነደፈው እሱ ነው። ተራራውን በዋሻ ከመብሳት ይልቅ የተራራውን ቅርጽ ተከትሎ አጥፎ አጥፎ አወረደው። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ክብ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል፤ የከረባት ቋጠሮ ይሉታል። ለዚህ ነው ዳገቱ ድንገት ቀጥ የማይለው። ከታች እስከ ላይ ወጥ ነው፣ ትንፋሽሽን ካገኘሽው ይዞሽ ይወጣል። ትልቅ ሥራ ነው፣ መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

የሚያስጠላው አውቶቡሱ ነው። አብዛኛው ብስክሌተኛ ከፖዬንሳ ወይም ከዋና ከተማዋ ከፓልማ በኩል ተነስቶ ሲደርስ አውቶቡሶቹም ደርሰዋል፣ ጠባቡ መንገድ ላይ መተላለፍ ጭንቅ ነው። ባለፈው እኛን ያጋጠመን ይኼ ነበር። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ዓርብ ሜይ 8 ከሶዬር ፑች ማዮር የሚባለውን ዳገት እንወጣለን፤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለማቋረጥ፣ ከፍታው 850 ሜትር አካባቢ ድረስ፣ ጫፉ ላይ ዋሻ፣ ከዋሻው ወዲያ ሁለት የግድብ ሐይቆች። ከዚያ ግን ወደ ሳ ካሎብራ አንታጠፍም። ቀጥ ብለን ዩክ ገዳም ገብተን እናድራለን። ለእንግዳ የሚከራይ ክፍል አላቸው። በነጋታው ማለዳ፣ ሌላው ሰው ገና ቁርስ ላይ እያለ፣ እኛ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ነን።

ነጋታው ደግሞ ምን ቀን መሰለሽ? ሜይ 9፣ ግንቦት 1፣ ልደታ! ዩክ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የእመቤታችን ቦታ ነው፤ ጥቁሯ ማርያም የሚሏት ምስል አለች፣ ያገኛት እረኛ ልጅ ነው ይላሉ። የደሴቷ ሰው በየዓመቱ ኦገስት ላይ ከፓልማ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ተጉዞ ይሳለማታል፣ ልክ ወደ ግሸን እንደሚወጣው ሕዝብ። ቤተ ክርስቲያኑ የእኛ አይደለም፣ የካቶሊክ ነው፣ ግን የእናታችንን ቀን በእናታችን ስም በተሠራ ቦታ ብንውል ደስ ይለኛል። ንፍሮውን እኔ አስቀድሜ እቀቅላለሁ።

ስትወርጂ እባክሽን አደራ። ከቤዛዊት ጀምሮ ፍጥነትሽን አውቀዋለሁ። ከመጠምዘዣው በፊት ፍሬን ያዢ፣ መጠምዘዣው ውስጥ ከገባሽ በኋላ ግን ልቀቂ፤ ዓይንሽን ገደሉ ላይ ሳይሆን የምትወጪበት ላይ ጣይ። ስንወጣ አብረን ነን። አንዷ ብትቀድም ትጠብቃለች።

ስለ ዕቃ፦ ብስክሌትሽን በአውሮፕላን አታምጪ፣ ድካምና ወጪ ነው። እዚያው እንከራያለን፣ ዲስክ ፍሬን ያለው፣ ዳገቱ እንዲቀለን የፊቱ ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁም 34 የሆነ። ፔዳልሽንና ጫማሽን ግን ይዘሽ ነዪ፣ ካስፈለገም የለመድሽውን ኮርቻ። ሄልሜት የግድ ነው። ለቁልቁለቱ ቀጭን የንፋስ ጃኬት፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያ። ለመንገድ ጭብጦ እሠራለሁ፤ ከዚያ ጄል ከሚሉት ጣፋጭ ሙጫ በሶ ይሻለኛል፣ ሆድም አይረብሽም።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንሳይማዳ የሚባል የሚጣፍጥ ጥቅልል ዳቦ በየካፌው አለ፣ ባህላዊው ግን በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው፣ እንዳትነኪው። አልመንድ በሚሉት ለውዝ፣ በእንቁላልና በስኳር የሚሠራ ጋቶ የሚሉት ኬክ አላቸው፣ እሱን ታዢያለሽ። ፓ አም ኦሊ ደግሞ ቲማቲም የታሸበት የወይራ ዘይት የፈሰሰበት ዳቦ ነው፤ ያለ ሥጋ ስጡኝ ካልሻቸው ያለ ሥጋ ይሰጡሻል። ሶዬር ኩሽና ያለው ቤት ስለምንይዝ ሽሮ አይጠፋም።

ሶዬር እንዳንቆይ ያደረግኩትም በምክንያት ነው። በሜይ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ኤስ ፊሮ የሚሉት በዓላቸው አለ፤ በ1561 ከባሕር የመጣ ወራሪ የመለሱበትን ቀን ጎዳና ላይ በጩኸትና በባሩድ ይደግሙታል። ከተማው ይጨናነቃል። እኛ ያኔ ወደ ኢንካ ከተማ ወርደን፣ ባቡር ይዘን፣ ፓልማ ገብተናል። እሑድ ወደየቤታችን።

የሚያስቸግርሽ ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል የሚለው እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድምሽን ጠይቄው እሺ ብሏል፣ እማማም አሉ። ጉልበትሽ ካስፈራሽ ደግሞ ካሁን እስከ ሜይ ጊዜ አለን፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ውስጥም ቢሆን ፔዳል ምቺ፣ ቅዳሜ ረዘም አድርጊው። እኔ ማታ ማታ እደውላለሁ፣ እያወራን እንሠራለን።

ቁመትሽንና ከፔዳል እስከ ኮርቻ ያለውን ርቀት ለክተሽ ላኪልኝ፣ ብስክሌቱን ልያዝ። የዩክ ክፍል ቶሎ ስለሚያልቅ የእሱን መልስ አስቀድሚልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሻለሁ፣ ስልክሽን አንሺ።

እህትሽ