መቻልን ሐይቅ ወሰድኩት

ይድረስ ለምናፍቅሽ እህቴ፣

ሆዴ፣ እንዴት ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መጨረሻ ላይ የጻፍሽልኝ ስለ አባትሽ ውሻ «መቻል እንዴት ነው?» ብለሽ ነበር። ለዚያች ጥያቄ መልስ አጥቼ ይኸው 2 ዓመት ዝም አልኩሽ። ዛሬ ልንገርሽ።

በዚያው ሰሞን መቻል ሲበላ የጎረቤት ልጅ ጅራቱን ጎተተው፣ እጁን ነከሰው። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ አጠብንለት፤ ሐኪም ቤትም ወስደን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ተወጋ። ልጁ ዳነ። መቻልን ለ10 ቀን አስረን ተከታተልነው፣ እሱም ምንም አልሆነ። ሰፈሩ ግን «ይገደል» አለ። እንዳይገድሉብኝ ሰንሰለቱን ሳልፈታለት ቀረሁ፤ 10 ቀኑ 2 ዓመት ሆነ። አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቀን አስረውት የማያውቁትን ውሻ! አደራሽን እንዲህ ይዤ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?

ባለፈው ወር የድሮ መልእክቶችሽን ሳይ ያ ጀርመኖች «ሁንደሽትራንድ» ይሉታል ያልሽኝ፣ ለውሾች የተፈቀደው የባሕር ዳርቻ ፎቶ መጣ። ውሾቹ እርጥቡ አሸዋ ላይ ይሯሯጣሉ። ቀና ብዬ በመስኮት መቻልን አየሁት። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ሣሩ አልቆ መሬቱ ክብ ሆኗል። ያን ክብ በየቀኑ ሳየው ኖሬ ያኔ ገና አየሁት።

ባሕር ባይኖረን ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መጀመሪያ የዓመቱን ክትባት አስወጋሁት፤ ያለዚያ ሰው መሀል ይዤው አልወጣም። ሚኒባስ ውሻ ስለማይጭን፣ ሽንኩርት ሊያመጣ የሚሄድ ጎረቤት ከፒክአፑ ኋላ ጫነን። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውሃው ዳር ነበርን። ከደሴ ብርድ ወርደሽ ያ ሙቀት ሲቀበልሽ ታስታውሻለሽ አይደል?

እዚያ ለውሻ ተብሎ የተለየ ቦታ የለም። ለእኛ ለሴቶች እንኳ ከማይፈቀደው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ራቅ ብዬ፣ ታንኳ የሚያስሩ ዓሣ አጥማጆችን «የት ልሁን?» አልኳቸው። የቆሮሶ አጥንትና የተበጠሰ መንጠቆ ከሚወድቅበት አሳልፈው ጥግ ሰጡኝ። መሀሉ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ስላለው ረጅም ገመድ አሰርኩለት።

መጀመሪያ ማዕበሏን ጮኸባት። ሸሸ፣ ተመለሰ፣ አሸተተ። አንድ እግሩን አስገባ፤ ቀጥሎ ሆዱ ድረስ ገብቶ ጠበል ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጸጉሩ ሲረጥብ ሰንሰለቱ የላጠው አንገቱ ወለል ብሎ ታየኝ። እዚያው ውሃው ውስጥ ገብቼ በእጄ አጠብኩለት። ዝም አለኝ። ከዚያ በድንገት ተወርውሮ ዋኘ! ማን አስተማረው? አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጆሮውን አጣብቆ፣ ገመዱ እስኪወጠር ሄደ።

አንድ አባት ውዱእ ሊያደርጉ ሲወርዱ፣ አራግፎ ልብሳቸውን እንዳይነካባቸው ፈጥኜ ጎትቼው ራቅሁ። አባትሽ ለመቻል የለዩለት ሳህን ትዝ አለኝ። ሰውየው ግን ሲጨርሱ ጠሩኝ፤ «ልጄ፣ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣውን ሰው አላህ ምሮታል» አሉኝ። የአባትሽ ወግ ነው፣ ቃል በቃል። አለቀስኩ።

ጆሮውን በፎጣ አድርቄለት ስንመለስ ፒክአፑ ላይ እግሬን ተንተርሶ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ሰንሰለት የለም። አጥሩን በቆርቆሮ አጠናከርኩ፣ የልጁን እናት ቡና ጠርቼ አስረዳኋት፣ ተስማማች። ጠዋት ጠዋት በገመድ ይዤው እወጣለሁ።

አሁን አንድ ነገር እፈልግሻለሁ። በሚቀጥለው ስንሄድ ገመዱን ልፈታለት እፈልጋለሁ፤ ግን ስጠራው አይመጣም። ከየትም ሆኖ የሚመጣው ለአባትሽ ፉጨት ነበር። እኔ ብሞክር ብሞክር አልሆነልኝም፤ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር ብሎ ከዚያ ይረዝም ነበር መሰለኝ። አንቺ ታውቂበታለሽ። ቀድተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ።

ናፋቂሽ እህትሽ፣ ከደሴ