ለጓደኛዬ፣ ከባሕር ዳር

አንቺዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እማማ ግፊታቸው እንዴት ሆነላቸው? ስንት ጊዜ ደወልሽልኝ፣ እኔም ስንቴ «መልሼ እደውላለሁ» ብዬ ቀረሁ። ተቀይማኝ ነው ወይ ብለሽ እህቴን ጠይቀሻል አሉ። ኧረ በምን ልቀየምሽ! አሞኝ ነው። እግሬ ተሰብሮ ቢሆን በአንድ መስመር እነግርሽ ነበር፤ ይሄኛው ግን በስልክ ሊያስረዱት የማይመች ነገር ሆኖብኝ ነው የጠፋሁት።

ያዞረኛል። በቃ ሕመሙ ይኸው ነው።

የጀመረኝ አልጋ ላይ ነው። ሊነጋጋ ሲል ወደ ቀኝ ጎኔ ልገላበጥ ስል ኮርኒሱ ይሽከረከር ጀመር። ከፀሐይ ሲነሱ እንደሚመጣው ብዥ ማለት እንዳይመስልሽ፤ ቤቱ በሙሉ ነው የሚዞረው፣ እኔም ፍራሹን በሁለት እጄ ጨምድጄ እናቴን እጣራለሁ። አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ቆመ። ከዚያ ያስመልሰኝ ጀመር።

ክሊኒክ ወሰዱኝ። ግፊት ተለካ፣ ስኳር ተለካ፣ ደም ማነስ ታየ፣ ታይፎይድም አልቀረም (እኛ አገር ታይፎይድ ሳይመረመር የሚወጣ በሽተኛ አለ እንዴ?)። አንድ ግሉኮስ ሰቀሉልኝና «ምንም የለሽም፣ ጭንቀት ነው» ብለው ሸኙኝ። በማግስቱ ስገላበጥ ያው ነው።

በኋላ ያየኝ የጆሮ ሐኪም ወሬ አላበዛም። አልጋው ላይ አስቀመጠኝ፣ አንገቴን ወደ ቀኝ አዞረው፣ ከዚያ ሳላስበው በጀርባዬ አስተኝቶ ጭንቅላቴን ከአልጋው ጫፍ ዝቅ አደረገና ዓይኔን ትኩር ብሎ ያይ ጀመር። ዓለም ዞረብኝ። እኔ ክንዱን ጨብጬ ስጮህ ሰውዬው ፈገግ ይላል! ለካ ዓይኔ በራሱ ጊዜ እየዘለለ ነበር፣ እሱም የፈለገው ያንን ነው።

እንዲህ ነው ያስረዳኝ። በውስጠኛው ጆሯችን፣ በግራም በቀኝም፣ ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ። ጭንቅላታችን ወዴት እንደዞረ ለአንጎል የሚነግሩት እነሱ ናቸው። አጠገባቸው ደግሞ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ጠጠሮቹ ከቦታቸው ተላቀው ቀለበቱ ውስጥ ከገቡ፣ ገልበጥ ባልሽ ቁጥር ፈሳሹን ያንቀሳቅሱታል፣ አንጎልም ሳትዞሪ እየዞርሽ ይመስለዋል። መፍትሔው ጭንቅላትን ተራ በተራ በተለያየ አቅጣጫ እያዞሩ ጠጠሩን ከቀለበቱ ማስወጣት ነው። ጆን ኤፕሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ያመጣው ዘዴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 አሳትሞታል። መርፌ የለው፣ ቢላ የለው፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሹፌሩ በመስታወት እያየ ግራ ገባው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ በማግስቱ ደውዬ እያሳቅኩሽ እነግርሽ ነበር። አላለቀም። መሽከርከሩ ተወኝ፣ መወዛወዙ ግን አብሮኝ ቀረ። ትዝ ይልሻል፣ ልጆች ሆነን ያቺ የደንገል ታንኳ ላይ ስንወጣ ከእግራችን ሥር የሚዋልለው ነገር? አሁን አስፋልት ላይ ቆሜ እንደዚያ ነኝ። ስተኛ ይሻለኛል፣ ስቀመጥ ይቀንሳል፣ ስቆም ይመጣል። የሚብሰው ደግሞ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሐይቁ ዳር! ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ውኃው ፀሐዩን ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ አገሩ ሁሉ ሊያየው የሚመጣው ጣና እኔን መሬት ያስይዘኛል። ሱፐርማርኬት ውስጥ በመደርደሪያዎቹ መሃል መሄድ፣ ገበያ ውስጥ የሰው ግርግር፣ ስልክ ላይ ጣት እየጎተቱ ፎቶ ማየት፣ ሁሉም ያው ነው። ፌስቡክ ላይ የጠፋሁትም ለዚህ ነው።

ግን ማዞሩ ብቻውን ቢሆን እችለው ነበር። የበላኝ መጠባበቁ ነው። ከቤት ሳልወጣ በፊት የት ቦታ መደገፊያ እንዳለ አስባለሁ። የቱ ሱቅ ደጃፍ ወንበር አለው፣ የቱ መንገድ አጥር አለው፣ የቱ ዘምባባ ሥር ብቀመጥ ሰው አያየኝም። ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሼ ያጥራል፣ ከዚያ ማዞሩ ይሁን ፍርሃቱ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ስቅለት ዕለት ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄጄ እንደ ሰው ልሰግድ አልኩ። ጎንበስ ስል ደህና ነበርኩ፣ ቀና ስል ምሰሶው ወደኔ መጣ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት ነጠላዬን ያዝ አድርገው አስቀመጡኝና «ልጄ፣ ቁጭ ብለሽም ይሰማሻል» አሉኝ። ሰው አየኝ ብዬ ስሳቀቅ እኚህ ሴት ምንም እንዳልተፈጠረ ስግደታቸውን ቀጠሉ።

ሐኪሙ ጋ ስመለስ ለዚህኛውም ስም አለው። ባራኒ የሚባል፣ የጆሮን ሚዛን አጥንቶ እ.ኤ.አ. የ1914ን ኖቤል የተሸለመ ሐኪም ነበር። በሱ ስም የተሰየመው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 መለያውን አውጥቶለታል፣ ፒፒፒዲ ይሉታል። ከሦስት ወር በላይ የቆየ፣ ሲቆሙና ሲንቀሳቀሱ የሚብስ፣ ዓይን የሚያደክም ነገር ሲያዩ የሚነሳ መወዛወዝ። ጆሮው ድኗል፣ አንጎል ግን ዘበኝነቱን አልተወም። ሚዛን የምንጠብቀው በጆሮ፣ በዓይንና በእግራችን ስሜት ነው አይደል? አንዴ የደነገጠ አንጎል ጆሮውን ማመን ይተውና ዓይን ላይ ይንጠለጠላል፣ ሰውነትን ያደርቃል፣ እያንዳንዷን እርምጃ ይቆጣጠራል። ስትፈሪ ትደርቂያለሽ፣ ስትደርቂ የበለጠ ትወዛወዣለሽ፣ ስትወዛወዢ ትፈሪያለሽ።

ስለዚህ የክሊኒኩ ሰዎች «ጭንቀት ነው» ማለታቸው አይደለም ያናደደኝ። ጭንቀትስ ቢሆን ሕክምና የለውም እንዴ? «ምንም የለሽም» ብለው ከላይ መጀመራቸው ነው። የሚያዞራት ሴት ስትመጣ ሁለቱን አያይዞ ለመሸኘት ይቀላል መሰለኝ።

እናቴን ታውቂያታለሽ፣ ዓይን ነው ብላለች። ጸበል ወስዳኛለች፣ በደስታ ነው የሄድኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ስጠመቅ ግን ልወድቅ ነበር። ሐኪሙ ይሄንንም ነገረኝ፤ ዓይን ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ዓይን መጨፈን ምርኩዝን መጣል ነው። አሁን ስጠመቅ ዓይኔን እገልጣለሁ፣ እሷም ትይዘኛለች። ቡና ቀንሻለሁ፣ ልቤን ስለሚያስመታኝ። አቦሉን ጠጥቼ ቶናውንና በረካውን ለጎረቤት እተዋለሁ፣ እነሱም «ምን ነክቷት ነው» እያሉ ይጠጡልኛል።

ሐኪሙ የማዞር ኪኒኑን ቶሎ አስተወኝ። ለጥቂት ቀን እንጂ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አንጎል መልመዱን ያዘገየዋል አለ። የሰጠኝ እንቅስቃሴ ነው። ግድግዳ ላይ አንድ ፊደል ለጥፌ ዓይኔን ከፊደሉ ሳላነሳ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ። ሲታይ ያስቃል፣ ስትሠሪው ያስለቅሳል፤ ማዞሩን ራስሽ ጠርተሽ ነውና የምታመጪው። ሌላው መራመድ ነው። በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አየሽው? 380 ሜትር ነው። መጀመሪያ ላይ ጫፉ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። አሁን ከዳር እስከ ዳር እሻገረዋለሁ፣ ወደታች ውኃውን ግን ገና አላይም፣ የፊት ለፊቴን ሰው ጀርባ ነው የማየው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከቤት አልወጣም፣ መጋረጃውን ዘግቼ እተኛለሁ፣ በማግስቱ ይብሰኛል። ካልተሻለሽ ለድብርትና ለጭንቀት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱን እንሞክራለን ብሎኛል። እናቴ «የእብድ መድኃኒት» ትላለች። እኔ እወስደዋለሁ።

አንድ ነገር ስለ እማማ። ግፊት ስላለባቸው ነው የምነግርሽ። ድንገት አዞረኝ ካሉ፣ ከዚያም ጋር አፋቸው ከተጣመመ ወይም ንግግራቸው ከተንተባተበ ወይም አንድ ወገናቸው ከደከመ፣ እንደኔ ዓይነቱ ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ። በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል።

ደግሞ ነይ እንጂ! ለጥምቀት ሳይሆን ከጥምቀት በኋላ ነይ፣ ግርግሩ አይሆነኝም። ዘጌ መሻገር ካማረሽ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመሽ እስክትመለሺ እዚህ ዓሣ አዝዤ እጠብቅሻለሁ። ወይ ደግሞ ደፍሬ አብሬሽ እሳፈር ይሆናል፣ ከያዝሽኝ። ብቻ በየሰዓቱ «አሁንስ ያዞርሻል?» እያልሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ስትጠይቂኝ ይመጣል።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ባላነሳ መንገድ ላይ ሆኜ ነው፣ እየሄድኩ ስልክ ማየት አልችልም። ድምፅሽን ቅጂና ላኪልኝ፣ ረጅም ይሁን።