ሸክሙ ለምን ገዢዋ ላይ ብቻ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ኬሚካሎችና ስለ ሴቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ምክሩ ክፋት የለውም። ምግብ በፕላስቲክ አታሙቁ፣ ሽቶ የበዛበት ቅባት ቀንሱ፣ መለያውን አንብቡ። ያልጣመኝ ነገር ሸክሙ ሁሉ ሴቷ ላይ መውደቁ ነው።

ቢስፌኖል ኤ የተባለውን ኬሚካል እንውሰድ። ጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራበታል፣ የምግብ ጣሳም ከውስጥ ይቀባበታል። ሰውነት ኤስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን መስሎት ይሸወዳል። በእርግጥ በአንድ ቀን ገደማ ያስወጣዋል፤ ግን በማግስቱ እንደገና ይገባል። ጣጣውን ፓትሪሺያ ሃንት የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ያየችው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የቤተ ሙከራ አይጦቿ የሚኖሩበት የፕላስቲክ ሣጥን በማይሆን ሳሙና ታጠበ። ፕላስቲኩ ተበላ፣ ቢስፌኖል ኤ ወጣ። ክሮሞዞማቸው፣ ማለትም የዘር መረጃ ተሸካሚያቸው፣ የተዛባ የአይጥ እንቁላሎች በድንገት በዙ። አይጥ ሰው አይደለችም፣ ልክ ነው። ግን ሴት ልጅ የምትወለደው እንቁላሎቿን ይዛ ነው፤ የጎደለው አይተካም።

ቀጥሎ ዕቃው ላይ «ከቢስፌኖል ኤ ነፃ» የሚል ጽሑፍ መጣ። እሰየው! ግን በብዙ ዕቃ ላይ የተተካው ቢስፌኖል ኤስ ነው፤ የሥጋ ዘመዱ በሉት፣ እሱም ሆርሞን ይነካል። መለያ አንብባ የገዛችው ሴት ምን አጠፋች?

ዲኢኤስ የተባለውን መድኃኒትም አስታውሱ። ፅንስ እንዳይወርድ ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለነፍሰ ጡሮች ይታዘዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ጥናት እንደማይሠራ አሳየ። ማዘዙ ግን ቀጠለ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ያኔ በሴት ልጆቻቸው ላይ እምብዛም የማይታይ የብልት ካንሰር ተገኝቶ ነበር። እናቶቹ ጥንቃቄ ጎድሏቸው አይደለም። ሐኪም ያዘዘውን ነው የዋጡት።

ስለ ሥራ ደግሞ ጽሑፋችሁ አንድም ቃል የለውም። ልጅ አልያዝ ብሏት ሐኪም ቤት የሄደች ሴት ዕድሜዋንና የወር አበባዋን ትጠየቃለች። ምን ስትነካ፣ ምን ስትተነፍስ እንደምትውል የሚጠይቃት ግን ስንት ነው? ፀረ ተባይ የምትረጭ ወይም ጥፍር ቤት የምትሠራ ሴት ቤቷ ያለውን ፕላስቲክ ሁሉ በብርጭቆ ብትቀይር ምን ይጠቅማታል?

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ አምራቾቹን ጠይቁልን። ቢስፌኖል ኤን አውጥታችሁ በምን ተካችሁት? ገበያ ከመውጣቱ በፊትስ ማን መረመረው?

አንባቢያችሁ