አልጋህ ሥር የነበረችው መርከብ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን ውርጩ ገብቷል። ጠዋት ስነሳ ጓሮው ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ። አባትህ ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሳል ትንሽ ይዞት ነበር፣ አሁን ለቆታል።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ሳላስፈቅድህ መርከብህን ነክቻለሁ።

አልጋህ ሥር በካርቶን አስቀምጠሃት የሄድከውን፣ ከእንጨት የምትገጣጠመዋን ትንሽ የመርከብ አምሳያ፣ ብሉኖዝን ማለቴ ነው። ለዘመን መለወጫ ቤት ሳጸዳ አወጣኋት። አቧራዋን ልጠርግ ብዬ ከፈትኩ። አከርካሪዋና ጎድኖቿ ብቻ ተጣብቀው ቆመዋል፣ ልክ የዓሣ አጥንት። አንተ እዚያ ላይ አቁመህ ነው ለሥራ የተጠራኸው። ክዳኑን ልመልስ ያዝኩና እጄ እምቢ አለኝ። ልጄ ዘጠኝ ወር ሙሉ መርከብ ላይ ነው እላለሁ፤ መርከብ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም። ስንት ዓመት ኅብረተሰብ ሳስተምር ባሕርን የማነሳው ከፍታችንን ስናገር ነበር። «ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች» እላለሁ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ በቃ። ባሕሩ ከታች ያለ ቁጥር ነው። አሁን ልጄ እዚያ ቁጥሩ ጋ ነው ያለው።

ስለዚህ መመሪያውን አውጥቼ መነጽሬን አደረግሁ።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገርህ፣ ሌላ ሰው ከሚነግርህ። ጎድኖቹ ላይ የሚለበጡትን ቀጫጭን ጣውላዎች የግራውን ጎን በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። ደስ ብሎኝ አባትህን ቀሰቀስኩት። በአራተኛው ቀን ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጣት አትቆምም። አከርካሪዋ ተጣሟል። ለካ አንድ ግራ፣ አንድ ቀኝ እያሉ ነው የሚለብጡት። የታጠፈ እንጨት ወደ ቦታው ልመለስ እያለ ይስባል፣ በሌላው ጎን የሚስብ አቻ ከሌለው አጽሙን ይዞት ይሄዳል። መመሪያው ላይ ተጽፏል። እኔ ቸኩዬ አለፍኩት። በጣም አዘንኩ ልጄ። ያንተን ሥራ ያበላሸሁ መሰለኝና ሁለት ቀን ካርቶኑን ከፍቼ ማየት አቃተኝ።

ያዳነኝ ጀበናው ነው። ነጩ ኮላ እንፋሎት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ጀበናዬን በውኃ ብቻ ሞልቼ አንተከተክሁ፣ ጣውላውን በአፉ ላይ ቀስ እያልኩ አሳለፍኩ። አንድ በአንድ በቢላ ጫፍ ፈነቀልኳቸው። ከዚያ በኋላ ለማጠፍም በዚሁ ዘዴ ሆነ። ጣውላውን ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። እንፋሎቱ ላይ ይዤ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን ስለው እንደ አለንጋ ይታጠፍልኛል። አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ ደግሞ መጥበብ አለበት። የመርከቧ ሆድ ሰፊ ነው፣ ጫፏ ቀጭን፤ ጣውላው እኩል ስፋት ይዞ ከሄደ ጫፍ ላይ ይደራረባል። ይህን ለማወቅ መመሪያ አላስፈለገኝም። እናቴ መሶብ ስትሰፋ ወደ ክዳኑ ጫፍ እንዴት እንደምታጠብ ሳይ ነው ያደግሁት።

የጎን ጣውላዎቹን ስፈነቅል አንዱ ተሰበረብኝ፣ ትርፍ ደግሞ አልነበረም። ሰፈራችን ያለው አናጢ ጋ ወሰድኩት። በእጁ አገላብጦ አየና ከዋንዛ ቁራጭ ላይ ስስ አድርጎ ሰነጠቀልኝ። ገንዘብ ብለው እምቢ አለ። ሌላው ጣውላ ነጣ ያለ ነው፣ እሱ ወርቃማ ነው። በላዩ ሁለተኛው ልባጭ፣ ዋልነት የሚባለው ቡናማ እንጨት፣ ተለብጦበት አሁን አይታይም። አንተ ግን እወቀው፣ በቀኝ ጎን ከታች ሦስተኛው የአገርህ ዋንዛ ነው።

ብርዱም ፈትኖኛል። ማታ ያጣበቅሁት ጠዋት ስነካው ይለቃል። ኮላው ኖራ መስሎ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ነጭ ኮላ እንዲህ ባለ ቅዝቃዜ እንደማይዝ ያወቅሁት ሦስት ጊዜ ከተላቀቀብኝ በኋላ ነው። ከሰሉ አጠገብ ሳስጠጋው ደግሞ እንጨቱ ቶሎ ደርቆ ስንጥቅ አወጣ። አሁን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሳሎን ሲገባ ብቻ ነው የማጣብቀው። በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ፣ ማታ ባና አለብሳታለሁ። አባትህ «ሕፃን አስተኛሽ?» ይለኛል። ስንጥቁን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ የወጣውን ዱቄት ከኮላ ጋር ለውሼ ደፈንኩት። አይታወቅም።

ስለ ብሉኖዝ እህትህ ስልኳ ላይ ፈልጋ አነበበችልኝ። በፈረንጆቹ 1921 ካናዳ ሉነንበርግ ነው ውኃ ላይ የወረደችው። ለጌጥ አልተሠራችም፣ ዓሣ አጥማጅ ናት። ዓሣ አጥምዳ ትገባለች፣ ከዚያ ደግሞ ከሌሎች የዓሣ መርከቦች ጋር ተወዳድራ ታሸንፋለች። በ1946 ሃይቲ አጠገብ አለት ላይ ወጥታ ተሰበረች። በ1963 እዚያው ከተማ አምሳያዋን ደግመው ሠሩ። ያን ጊዜ ያመጣህልኝ የካናዳ 10 ሳንቲም ትዝ አለኝ፤ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ አወጣሁት። ላዩ ላይ ያለችው እሷ ናት! ከሃሊፋክስ ስታመጣልኝ «መርከብ አለበት እማዬ» ብቻ ነበር ያልከኝ። እውነተኛዋ 43 ሜትር ገደማ ናት፣ የኛዋ 75 ጊዜ ታንሳለች። ከምጣዳችን ዳር እስከ ዳር ትደርሳለች፣ ለክቼዋለሁ።

የወደድኩት ገመዱን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ክር ጭራ ጭራ ይበዛዋል። ገበያ ወርጄ ሰም ገዛሁ። ክሩን ሰሙ ላይ ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጌ በጣቴ ስወለውለው ጭራው ሁሉ ይተኛል። ሁለቱን ደቀሎች፣ ሸራ የሚሰቀልባቸውን ምሰሶዎች፣ አቁሜያለሁ፣ የኋላው ይረዝማል። ከግራና ከቀኝ የሚወጥሯቸውን ገመዶች አስሬያለሁ። አንዱ ከላላ ደቀሉ ወደ ሌላው ያዘነብላል፣ ስለዚህ በጣቴ እየመታሁ ድምፃቸውን ነው የማስተያየው፤ እንደ ክራር። ትናንት ማታ ያንን ሳደርግ አንድ ነገር መጣብኝ። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲመጡ ታጁራ ድረስ በባሕር ነው የመጡት፣ ከዚያ በግመል። ሁልጊዜ አስተምረው ነበር። ስለ ግመሉም፣ ስለ ስጦታውም፣ ስለ ውሉም ተናግሬያለሁ። ያመጣቸውን መርከብ ገመድ ያሰረ ሰው እንደነበር፣ እሱንም የምትጠብቅ እናት እንደነበረችው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

አንተ የምትሠራበት መርከብ ብረት ነው፣ ሸራ የለውም፣ አውቃለሁ። የምትውለው ታች ሞተሩ ጋ መሆኑንም ነግረኸኛል። ግን አከርካሪ አለው አይደል? ጎድን አለው? ስትደውል ይህን ንገረኝ። አሁን ማዕበል ነበር ስትለኝ የቱ ጋ እንደሚመታው በዓይኔ ይመጣል። መጀመሪያ ፈራሁ። አሁን ግን ምን እንደሚይዘው ስላወቅሁ ትንሽ ይሻለኛል።

ሸራዎቹን ከአቡጀዲ ቆርጬ በሻይ ነክሬያቸዋለሁ፣ እንደ አሮጌ ሸራ ወየብ እንዲሉ። ጠርዛቸውን በእጄ እየሰፋሁ ነው። ወደ ደቀሉ የሚያስወጡትን የገመድ መሰላሎች ግን አልነካሁም። እያንዳንዱ መገናኛ ላይ ቋጠሮ አለው፣ ብዙ ነው። በእረፍትህ የወንበር እግር ላይ ያሳየኸኝን ቋጠሮ ስሞክር አሥሩን በትክክል እሠራና አሥራ አንደኛው ይፈታብኛል። እነሱ ላንተ ይቆዩ። ክሩን ሰም ቀብቼ በልቃቂት ጠቅልዬ አስቀምጬልሃለሁ።

ከመጣህ ጥቁር ቀጭን ክር ጨምርልኝ፣ ሊያልቅ ነው። ጥቃቅኗን ወረንጦም፣ ያችን ጫፏ የታጠፈውን። እዚህ ያለው የቅንድብ ነው፣ ክሩን ያንሸራትታል።

ይህን እህትህ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች፣ ኔትወርክ ያለበት ወደብ ስትደርስ ታየዋለህ። የስንት ወር ኮንትራት እንደቀረህ ጻፍልኝ። አንድ ደግሞ የምጠይቅህ አለ፦ መመሪያው ላይ ባንዲራዋ ከኋላ በኩል ተስሏል፣ የካናዳ ነው። የኛን ብሰቅልባት ነውር ይሆናል?

እናትህ