ለዱቲ ፍሪ ጠርሙስ ከመክፈላችን በፊት ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ንዴት ነው፣ አልደብቅም። ሁለት ሊትር ውስኪ ዓይኔ እያየ በርሜል ውስጥ ገባ። የራሴ ውስኪ። ደረሰኙ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። እንዲያውም ነገሩን ሁሉ ያበላሸው እሱ ደረሰኝ ነው፣ እደርስበታለሁ።

የምኖረው ሰበታ ነው። ከአየር ጤና ታክሲ ይዛችሁ የጅማን መንገድ ስትከተሉ፣ ዓለም ገናን አልፋችሁ ማለት ነው። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ውጭ ሊሄድ ነው ከተባለ ወሬው ከትኬቱ ይቀድማል። ካናዳ ያለችው ልጄ ወልዳ ለክርስትናው ልሄድ ስዘጋጅ፣ ገና ቪዛ ሳይመታልኝ ትዕዛዝ መጣ። የጎረቤታችን ልጅ ጥሎሽ ሊጥል ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ብቻ፣ ብላክ ሌብል ይሁንልኝ» አለኝ። የሚስቴ ወንድም ደግሞ «አንተማ ከዱቲ ፍሪ ነው የምትገዛው፣ በነጻ በለው!» ብሎ ለራሱ አንድ ጨመረ።

ይቺ «በነጻ በለው» የምትለዋን ያዙልኝ።

ድሮ እኛ ጋ ዱቲ ፍሪ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው መኪና ነበር። ቀረጥ ሳይከፈልባት በመብት የገባች መኪና። አሁን ግን የመጠጥ ስም ሆኗል። ሰው ዱቲ ፍሪ የሚፈልገው ለርካሽነቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቆራሌው በየበሩ እየዞረ ባዶ የውስኪ ጠርሙስ ሲገዛ ሁላችንም እናያለን። ያ ጠርሙስ ተመልሶ በምን ተሞልቶ እንደሚመጣ ማንም አይጠይቅም፣ ግን ሁሉም ይጠረጥራል። ስለዚህ በኤርፖርት ከረጢት የመጣ ጠርሙስ ጥሎሽ ላይ ሲቀመጥ ሽማግሌዎቹ ራሱ ትንሽ ቀና ብለው ነው የሚያዩት።

ወደ መንገዴ ልመለስ። ስሄድ አማቴ ለልጅ ልጃቸው ዳግም አረቄ በሃይላንድ ቋጥረው አመጡልኝ። አይሆንም አልኳቸው። የአውሮፕላን ደንቡ አልኮሉ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ ሲሸጥ በታሸገበት ዕቃ እንዳለ ብቻ ነው የሚጫነው ይላል፣ ለአንድ ሰው ቢበዛ 5 ሊትር። ከ70 በላይ ከሆነ ጭራሽ አይጫንም። የአማቴ ዳግም ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያውቀው የቀመሰው ጉሮሮ ብቻ ነው፣ ሃይላንዱንም ማንም የፋብሪካ እሽግ አይለውም። እሳቸው ግን እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው።

ካናዳ ሲገቡ ያለ ቀረጥ የሚፈቀደው ጠንካራ መጠጥ 1.14 ሊትር ነው። ነጥብ አሥራ አራቷ ከየት መጣች ብዬ ተገርሜ ነበር። ለካ የእንግሊዞቹ የድሮ መለኪያ 40 አውንስ ወደ ሊትር ሲገለበጥ የምትወጣ ናት። ለማንኛውም አሜሪካ የሚሄድ 1 ሊትር፣ ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባም 1 ሊትር፣ ዱባይ የሚገባ 4 ሊትር ይፈቀድለታል። ሳውዲና ኩዌት የሚሄድ ግን ጠብታ እንዳይዝ። ለሥራ ወደዚያ ለሚሄዱ እህቶቻችን ይቺን ማንም ሳይነግራቸው፣ ዘመድ «ለአሠሪሽ ስጪ» ብሎ ጠርሙስ ሲያስይዝ ሰምቻለሁ። ጉድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስመለስ ትኬቴ ርካሽ ስለነበር በአንድ የአውሮፓ ከተማ ትራንዚት ነበረበት። ቶሮንቶ ኤርፖርት ዱቲ ፍሪ ገባሁ። ሁለት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ገዛሁ። ልጅቷ ፈገግታዋ አይጠገብም። ጠርሙሶቹን ቀይ ጠርዝ ባለው ወፍራም ላስቲክ ከረጢት ከተተች፣ ደረሰኙን አብራ ከተተች፣ አፉን አሸገችው። «መልካም ጉዞ» አለችኝ። ሌላ አንድም ቃል የለም። በየት በኩል እንደማልፍ አልጠየቀችኝም።

እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ሃያ ሁለት ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ደረሰኝ ጠርሙስ ሥር ተጣጥፎ ሲታጀል ማየት አልችልም። ደረሰኝ ቦታው ቦርሳ ውስጥ ነው። አውሮፕላኑ ተነስቶ እራት ሲነሳልን ከረጢቱን በጥፍሬ ቀደድኩና ደረሰኟን አውጥቼ፣ አጥፌ፣ በክብር ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኳት። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ትራንዚቱ ላይ ሌላ ፍተሻ አለ። ፈታሿ ከረጢቱን ከፍ አድርጋ ያዘችው። ጣቷን የቀደድኳት ቀዳዳ ውስጥ አስገብታ አወዛወዘችው። ደረሰኙን ከቦርሳዬ እየመዘዝኩ «ይኸው፣ የገዛሁት ነው» እላለሁ። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሁለቱም ጠርሙሶች ሄዱ። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ እርስ በርስ ተጋጭተው።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ለንደን ውስጥ ፈንጂ በመጠጥ ጠርሙስ አስመስለው አውሮፕላን ላይ ሊያወጡ የነበሩ ሰዎች ተያዙ። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ኤርፖርት በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ሆነ። የዱቲ ፍሪ ጠርሙስ ከዚህ የሚያመልጠው በዚያች እሽግ ከረጢት ብቻ ነው። ደረሰኙ ከውስጥ ሆኖ ከውጭ መነበብ አለበት፣ እሽጉም የመጨረሻው ኤርፖርት እስኪደረስ መነካት የለበትም። ከተቀደደ ተራ ፈሳሽ ነው፣ ያውም ሁለት ሊትር። ስለዚህ ትራንዚት ያለው ሰው መጠጥ መግዛት ያለበት የመጨረሻውን ፍተሻ አልፎ፣ የመጨረሻው አውሮፕላን በር አጠገብ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ጠርሙስ ከፈልኩ።

እዚያው ትራንዚቱ ላይ ያለ ሱቅ ገብቼ ልተካው አስቤ ነበር። ካሸሩ ቦርዲንግ ፓስ ጠየቀኝ። ለካ መንገደኛው ወዴት እንደሚሄድ እያዩ ነው ዋጋውን የሚለዩት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ብቻ ለሚበር ሰው ዱቲ ፍሪ ከሐምሌ 1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የለም፣ እንደ እኔ ወደ ውጭ ለሚወጣ ግን አለ። አለ እንጂ ዋጋውን ሳየው ጠርሙሷን ቀስ አድርጌ መደርደሪያዋ ላይ መለስኳት። «ፍሪ» ማለት መንግሥት ድርሻውን አልወሰደም ማለት ብቻ ነው። ባለሱቁ የራሱን ትርፍ አልተወም፣ የኤርፖርት ኪራይም አለበት።

ታዲያ እኛ ለምን እንዲህ እንሯሯጣለን? እንደ ገንዘብ ያዥነቴ አስልቼ አሳያችኋለሁ። ነጋዴ በሕጋዊ መንገድ የ1,000 ብር ዕቃ አስመጣ እንበል። ከፍተኛውን የቀረጥ መጣኔ 35 በመቶ ብንወስድ 1,350 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከል 1,552 ብር ከ50። በዚህ ሁሉ ድምር ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ታክስ ሲመጣ 1,707 ብር ከ75 ሳንቲም። ልብ በሉ፣ መጠጥ ላይ ዋናው የሆነውን ኤክሳይዝ የሚባለውን ታክስ ገና አልነካሁትም። እሱ ከቀረጡ ቀጥሎ ስለሚገባ ቫቱንም ሱር ታክሱንም አብሮ ያሳብጣቸዋል። ታክስ በታክስ ላይ ነው። የማጓጓዣና የባለሱቅ ትርፍ ደግሞ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። በጥቅምት 2015 ደግሞ 38 ዓይነት ዕቃ በባንክ ምንዛሪ እንዳይገባ ሲከለከል መጠጡም አብሮ ተከለከለ፣ እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ። ያኔ የመንገደኛ ሻንጣ ምን ያህል እንደተከበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ። ብላክ ሌብሉን፣ ማለት ጆኒ ዎከርን፣ የሚሠራው ዲያጆ የተባለው ኩባንያ እኮ በ2004 የእኛን የሰበታውን ሜታ ቢራ ፋብሪካ ገዝቶ ነበር፣ በ2014 ሸጦ ወጣ። አሥር ዓመት ሙሉ የውስኪው ባለቤት ጎረቤታችን ነበር ማለት ነው። ውስኪውን ግን ያኔም በሻንጣ ነበር የምናመጣው።

እና ቦሌ ደረስኩ። ሻንጣዬን እየጠበቅኩ ሳለ አንድ ጎልማሳ ከጉምሩክ ሠራተኛው ጋር ይነታረካል። «ለግሌ ነው» ይላል። ሠራተኛው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ «ስድስቱንም?» አለው። «ታዲያስ!» አለ ሰውየው። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ላይ ጉምሩኩን ነው የምደግፈው። ያለ ቀረጥ ማስገባት የተፈቀደው መንገደኛው ለራሱ ለሚጠጣው ወይም ለሚሰጠው ነው እንጂ ለሱቅ መደርደሪያ አይደለም። ገደቡም የሰው ነው፣ የሰፈር አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ፣ የሚስቴ ወንድምና እኔ በአንድ ፓስፖርት ላይ መግባት አንችልም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ለምን አስቀድሞ አይነገረንም? ሰውየው ስድስቱን ከመግዛቱ በፊት፣ እኔም ከረጢቷን ከመቅደዴ በፊት። እኔ ሻንጣ በጠበቅኩበት ቦታ ገደቡን በጉልህ አማርኛ ወይም በኦሮምኛ የጻፈ ነገር አላየሁም። መጻፍ ያለበትም መድረሻው ላይ ብቻ ሳይሆን መነሻው ላይ ነው፣ ቲኬት ስንቆርጥ፣ ሻንጣ ስናስመዝን። ዱቲ ፍሪ ሱቅ ውስጥ ያለ ሻጭም አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ምን ይጎድልበታል? «ትራንዚት አለዎት? እንግዲያው ይህን እቤትዎ እስኪደርሱ እንዳይከፍቱት» ማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። እንግሊዝኛው ከረጢቱ ላይ ተጽፏል ትሉኝ ይሆናል። አዎ ተጽፏል፣ በደቃቁ። መነጽሬ ደግሞ ላይኛው ሳጥን ውስጥ ነበር። እናንተም ጋዜጠኞች፣ ሰው ለበዓልና ለሠርግ በሚመላለስበት ሰሞን ይቺን ገደብ በአንዲት ጥግ ብታወጡልን ውለታ ነው።

ለማወቅ ለምትጓጉ፣ አንድ ጠርሙስ ደርሷል። እሱ ግን ከዱቲ ፍሪ አይደለም። የልጄ ባል ከከተማ ሱቅ ሙሉ ታክሱን ከፍሎ የገዛልኝ ነው። ልጄ በነጠላ ጠቅልላ ከሻንጣው መሀል ከልብሶቹ ጋር ስለከተተችው ማንም ሳይነካው ሰበታ ገባ። ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠሁት። ሁለት ነበር ያዘዘው፣ ሁለተኛውን መርካቶ እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ። የሚስቴ ወንድም ደግሞ ደረሰኙን አሳየሁት፣ ግን አላመነኝም። በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ «ጠጥተኸው ነው» ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣
ከሰበታ