የሐረማያን ዓሣ ከዳር ወይስ ከመሐል?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚመላለስ መንገደኛ ሁሉ እንደሚያየው፣ በ1990ዎቹ ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውሃው ተመልሷል፤ ከዳር ይሰገር ወይስ ከመሐል የሚለው ክርክርም በእኛ በዓሣ ወዳጆች ዘንድ ይነሣል። እኔ በክረምት መሐሉን እመርጣለሁ። ሳልሞን ለመራባት ከባሕር ወደ ወንዝ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ቆሮሶም ለመራባት ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ይቀርባል፤ ወንዱ የውሃውን ወለል ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፣ ሴቷም ዕንቁላሉን በአፏ ይዛ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ትጠብቃለች። በዚያ ወቅት በዳርቻው መረብ የሚጎትት ሰው፣ አንዲት እናት ሲያወጣ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆቿን አብሮ ያጠፋል፤ ይህን ማሰብ በእውነት ያሳዝነኛል። አምባዛም ዝናብ ሲበረታ ሌሊት ውሃ ወደሸፈነው ሣር ወጥቶ ይራባል። መሐል መግባት ጀልባ እንደሚጠይቅ፣ ነፋስ ሲነሣም እንደሚያሰጋ አውቃለሁ፤ ጀልባ የሌለው ግን በእነዚያ ወራት በመንጠቆ ቢወሰን ይሻላል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ በመሆኑ፣ የሚመለከታቸው ባለሙያዎች የመራቢያውን ወቅትና የመረቡን ቀዳዳ ስፋት ከአስጋሪዎቹ ጋር ተመካክረው እንዲወስኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ