ይድረስ ለእህትዓለም፦ ስለ ደኑ ጅረቶች

ይድረስ ለምወድሽ ለእህትዓለም፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። መልስ ሳልጽፍልሽ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ፤ ይቅር በይኝ። ከቦንጋ በላይ ባለው ደን ውስጥ ሁለት ጅረት መርጠሽ ለረጅም ዓመታት ልትከታተያቸው ማሰብሽን ካነበብኩ ወዲህ ግን ከሐሳቤ አልወጣሽም። «ከምን ልጀምር?» ብለሽኝ ነበር። የማውቀውን ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ላስፍርልሽ።

መጀመሪያ የሃባርድ ብሩክን ነገር ላስታውስሽ። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ያለው ይህ የሙከራ ደን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በ1963 ኸርበርት ቦርማን፣ ጂን ላይከንስና ባልደረቦቻቸው የዝናቡንና የጅረቶቹን ውሃ በየሳምንቱ እየቀዱ መመርመር ጀመሩ። የተነሡት አሲድ ዝናብ ፍለጋ አልነበረም፤ ደኑ ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚያስወጣ ለማወቅ ነበር። የዝናቡ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 4 ገደማ ሆኖ ተገኘ። አሲዱ በእርግጥ እየቀነሰ መሄዱን በቁጥር ለማሳየት ደግሞ ሁለት አስርት ዓመታት ያህል የሚጠጋ ያልተቋረጠ ልኬት አስፈለገ። አምስት ዓመት ለክቶ ያቆመ ሰው ከዓመት ዓመት የሚለዋወጠውን የዝናብ መዋዠቅ ብቻ ነበር የሚያየው።

በ1965 መጨረሻ ደግሞ የአንዱን ተፋሰስ ዛፍ በሙሉ ቆርጠው እዚያው ተዉት፤ እንዳያቆጠቁጥም ሦስት ዓመት መድኃኒት ረጩበት። በመጀመሪያው ዓመት የጅረቱ ፍሰት ወደ 40 በመቶ ጨመረ፤ በውሃው የሟሟው ናይትሬትም (የናይትሮጅን ውህድ) ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው ልክ አለፈ። ይህን በልበ ሙሉነት መናገር የቻሉት አጠገቡ ያልተነካ ጅረት ስለነበራቸው፣ ሁለቱንም ከቆረጣው በፊት ጎን ለጎን ለዓመታት ስለለኩ ነው። አንቺም ሁለቱን ጅረት ከመረጥሽ በኋላ ቢያንስ ሦስት ክረምት ምንም ሳትደመድሚ ለኪያቸው። በመካከላቸው ያለው ዝምድና ሳይታወቅ ልዩነታቸው ትርጉም የለውም።

አንድ ነገር ግን ከዚያ እንዳለ አትቅጂ። ሃባርድ ብሩክ ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ አለት ስላለው፣ በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ በጅረቱ የወጣውን ቀንሰው ቀሪውን «ተነነ» ማለት ይችላሉ። የከፋ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ከመለኪያሽ በታች ሾልኮ የሚሄድ ውሃ አይጠፋም። ስለዚህ የውሃ ሚዛንሽን ስትሠሪ ቀሪውን ሁሉ ትነት ነው ብለሽ አትጻፊው።

ቦታ ስትመርጪ ጅረቱ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን፣ ዳርቻው የማይሸረሸረውን፣ ከታች በኩል አለት ወይም ትልልቅ ድንጋይ የያዘውን ስፍራ ፈልጊ። ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ድልድይ ያለበት ቦታ አይሆንም። የደን ማኅበሩን አባላትና የቀበሌውን ሽማግሌዎች መሣሪያው ከመተከሉ በፊት አነጋግሪያቸው፤ ምን እንደሚለካ አሳያቸው። ሰው የማያውቀው የሚያብለጨልጭ ዕቃ ጅረት ውስጥ ብዙ አይቆይም።

በበጋ ጥቂት ሊትር በሴኮንድ ለሚያወርድ ጅረት ጅረቱን አቋርጦ የሚተከል፣ ባለ 90 ዲግሪ የቪ ቁርጥ ያለበት ላሜራ ለመለኪያ ይበቃል። ውሃው የሚያልፍበት ጠርዝ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወፍሮ ስል መሆን አለበት፤ ውሃውም ከላሜራው ተነጥሎ፣ ከሥሩ አየር እየገባለት ይውደቅ። የታችኛው ውሃ ቀና ብሎ ቁርጡን ከነካው ስሌቱ ፈረሰ። የውሃውን ከፍታ (ከቪው ጫፍ ታች ጀምሮ) የምታነቢው ከላሜራው ላይ አይደለም፤ ውሃው ወደ ቁርጡ ሲቃረብ ዝቅ ስለሚል፣ ከትልቁ ከፍታ ቢያንስ አራት እጥፍ ያህል ወደ ላይኛው ፍሰት ራቅ ብለሽ ስታፍ ጌጁን (ከፍታ የሚነበብበትን ባለ ቁጥር ዘንግ) ትከዪ። የሜትር ኩብ በሴኮንድ ፍሰት ለማግኘት፣ በሜትር የተለካውን ከፍታ ወደ 2.5 ኃይል አሳድገሽ በ1.38 ታባዢያለሽ። 10 ሳንቲ ሜትር 4.4 ሊትር በሴኮንድ ይሰጥሻል፤ 20 ወደ 25፤ 30 ወደ 68።

ይህን ስሌት አንቺም፣ ከፍታውን በየቀኑ የሚያነብልሽ ሰው (አንባቢሽ)ም በደንብ እዩት። ውሃው 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ሳለ 11 ተብሎ ቢነበብ ፍሰቱ 27 በመቶ ይጋነናል። በደን ውስጥ ይህን ስሕተት ዋናው የሚያመጣው ቅጠል ነው። ሁለት የብሳና ቅጠል ቁርጡ ላይ ቢለጠፍ ውሃው ይቆለላል፤ መዝጋቢው መሣሪያ ደግሞ ዝናብ ሳይኖር ጅረቱ ሞላ ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ቅጠሉ ከመነሣቱ በፊት ከፍታው ይነበብ፣ ከተነሣ በኋላ ውሃው እስኪረጋ ተጠብቆ እንደገና ይነበብ፤ ሁለቱም ቁጥር ከነሰዓቱ ይጻፍ። ከላሜራው ጀርባ የሚጠራቀመው ደለል ደግሞ በተቃራኒው ያስታል፤ ኩሬው ሲሞላ ውሃው እየፈጠነ ስለሚመጣ ከእውነተኛው ያነሰ ፍሰት ታሰያለሽ። ከክረምት በፊትና በኋላ አስጠርጊው። የጌጁን ዜሮ ምልክትም አለት ላይ ከተቀረጸ ቋሚ ነጥብ ጋር በየዓመቱ በሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) አስተያዪው፤ ጎርፍ ጌጁን 2 ሳንቲ ሜትር ቢያዘነብለው በዓይን አይታወቅም፣ መዝገቡ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሰት ይሆናል።

ስሌቱን ብቻ አምነሽ አትቀመጪ፤ በጨው አረጋግጪው። ድንጋያማና አረፋ ለሚያወጣ ትንሽ ጅረት ከፕሮፔለር መለኪያ ይልቅ የወጥ ጨው ይሻላል። 50 ሊትር በሴኮንድ ለሚሆን ፍሰት 200 ግራም በቂ ነው። ጨውን ቤት ውስጥ አድርቀሽ መዝኚውና በፕላስቲክ አሽጊው፤ በክረምት እርጥበት የሳበ ጨው ክብደቱ ያታልላል። አዮዲን መጨመሩ ልኬቱን አይነካውም። በባልዲ የጅረት ውሃ አሟሙተሽ፣ ከታች ምንም ሳይቀር በአንድ ጊዜ መካከሉ ላይ ድፊው። የኮንዳክቲቪቲ መለኪያውን (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን በማይክሮ ሲመንስ የሚለካውን) ቢያንስ የጅረቱን ስፋት 25 እጥፍ ያህል ወደ ታች ወርደሽ ትይዢያለሽ፤ በየ5 ሴኮንዱ እየመዘገብሽ ንባቡ ወደ መነሻው እስኪመለስ ትጠብቂያለሽ። ከመነሻው በላይ ያለውን ሁሉ በ5 ሴኮንድ እያባዛሽ ስትደምሪው 8,000 ቢመጣና መለኪያሽ ለአንድ ማይክሮ ሲመንስ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር የሚል ቢሆን፣ 200,000 ሚሊ ግራሙን ለ4,000 ስታካፍዪ 50 ሊትር በሴኮንድ ታገኛለሽ። ያን 0.5 ከመጽሐፍ አትውሰጂ፤ በዚያው ጅረት ውሃ ራስሽ አውጪው። በቀኝና በግራ ዳርቻ የሚወጣው ድምር ካልተቀራረበ ጨው አልተቀላቀለም ማለት ነውና ወደ ታች ጨምረሽ ውረጂ። በጥርና በየካቲት ይህንኑ ከላሜራው በታች ድገሚው፤ ከታች የሚበልጥ ውሃ ካገኘሽ ከሥር ወይም ከጎን እየሾለከ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚንቀውን ላንሣ፤ ቀንና ሰዓቱን። አንባቢሽ የአካባቢው ሰው ነው፤ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ያነባል፤ በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት ይጽፋል። እንደዚያው ይጻፍ! ራሱ እንዲቀይር አታስገድጂው፤ የሚቀየረው ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ሰንጠረዥ ነው። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ እስከ የካቲት 21 ድረስም ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር። ይህን የረሳ ሰው ዝናቡንና ጎርፉን በአንድ ቀን አለያይቶ፣ ደኑ ውሃውን አንድ ቀን ሙሉ ይዞ አቆየው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሌላው የሌሊቱ ጎርፍ ነው። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ሲባል የማክሰኞ ማታ ነው ወይስ ለማክሰኞ አጥቢያ? መዝገቡ ላይ ሁልጊዜ «ለ... አጥቢያ» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማሙ። ባዶ ቦታ፣ ዜሮና «ደርቋል» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይለዩ። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ። ደመወዙ ደግሞ ወር ጠብቆ ይድረሰው። ገንዘብ ካጠረሽ አንድ መሣሪያ ቀንሺ እንጂ የአንባቢውን ክፍያ አትንኪ፤ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚወርደው እሱ ነው።

ለሌሊት ጎርፍ ርካሽ መፍትሔ አለ። ከታች የተበሳ የፕላስቲክ ቱቦ አቁመሽ ውስጡ እንጨት ትጨምሪና የቡሽ ብናኝ ታደርጊበታለሽ። ውሃው ወጥቶ ሲመለስ ብናኙ በደረሰበት ከፍታ እንጨቱ ላይ ይቀራል። ለደለል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በማይባር፣ ቀጥሎም በአንዲት ጢድና በአንጀኒ የተሠራበት የአፈር ጥበቃ ምርምር ልማድ ይጠቅምሻል፦ ውሃው ሲደፈርስ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር መቅዳት፣ ሲጠራ ማቆም። እነዚያ የእርሻ ተፋሰሶች ናቸው፤ የደን ጅረት ቶሎ ስለሚጠራ ቀጂው አጠገብ ካልሆነ ያመልጠዋል። በአንድ ዓይነት ከፍታ ላይ የግንቦት ጎርፍና የመስከረም ጎርፍ የሚይዙት ደለል ስለማይመሳሰል፣ ከፍታን ወደ ደለል የሚቀይር አንድ ቀመር ለዓመቱ ሁሉ አትጠቀሚ።

ጅረቱ ዘንድ ስትደርሺ የሥራው ቅደም ተከተል እንዳይዛነፍ። መጀመሪያ ከፍታውን አንብቢ። ከዚያ ማንም ሳይረግጠው የምርመራ ውሃውን ቅጂ፤ ፊትሽን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙረሽ፣ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀሽ። የክዳኑን ውስጥ በጣት አትንኪ፤ ላብ ጨው ነው። በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ እዚያው አጣርተሽ በበረዶ ሣጥን አስቀምጪ። ናይትሬቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ካልደረሰ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዢው እንጂ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ አታሳድሪው። ከ10 ጠርሙስ አንዱ ለማነጻጸሪያ የጅረት ውሃ ሳይሆን የላቦራቶሪ ንጹሕ ውሃ ይሁን፤ እሱ ውስጥ ናይትሬት ከተገኘ ችግሩ ጅረቱ ዘንድ አይደለም። ቀጥሎ በድንጋዮቹ መካከል የሚኖሩትን የውሃ ነፍሳት ሰብስቢ፣ ከታች ወደ ላይ እየወጣሽ። ጨው መጨረሻ። ጨው ቀድሞ ከተደፋ ውሃውም ተበላሸ፣ ነፍሳቱም ሸሹ።

ለነፍሳቱ 500 ማይክሮን መረብ ይዘሽ በእግርሽ ድንጋዩን ለ3 ደቂቃ በሰዓት ቆስቁሺ፤ ሁልጊዜ 3፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ዓይነት ስፍራ። በ80 በመቶ አልኮል አስቀምጪና በማግስቱ አልኮሉን ቀይሪው፤ የነፍሳቱ ሰውነት ውሃ ያቀጥነዋል። መለያውን በእርሳስ ጽፈሽ ማሰሮው ውስጥ ክተቺ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይታጠባል። ከውጭ የመጣውን የንጹሕ ውሃ መመዘኛ እንዳለ አትልበሺ። እሱ ብዙ ዓይነት የድንጋይ ዝንብ ይጠብቃል፤ በእኛ ደጋ ጅረቶች ግን የምታገኚው ኒዮፔርላ የተባለችውን የድንጋይ ዝንብ ብቻዋን ነው ማለት ይቻላል። ብትጠፋ ምልክት ነው፤ ዓይነታቸው ማነሱ ግን ተፈጥሯችን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ደን ጅረቶች ቅጠሉን በመቆራረጥ ሸርጣን ትልቅ ድርሻ አለው፤ እሱ ደግሞ በመረብ አይያዝም፤ ሥጋ ያለበት ወጥመድ ሌሊት አሳድሪለት።

ሁለተኛው ጅረትሽ ከቡና ማጠቢያ በታች ስለሆነ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ጊዜ አጥብቂው። የማጠቢያው ፍሳሽ የሚመጣው ውሃው እየቀነሰ ባለበት ወራት ነው። ኦክስጅኑን እኩለ ቀን ላይ ብትለኪ አልጌው ስለሚያመነጭ ጥሩ ይመስላል፤ ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ላይ ለኪው። ድንጋዮቹ ላይ ነጭ ዝልግልግ ነገር ካየሽ ፎቶ አንሺና ርቀቱን ጻፊ። የሙቀት መዝጋቢዎቹን ግን ነጭና ብዙ ቦታ በተበሳ ቱቦ ውስጥ፣ ጥላ ሥር እሰሪያቸው፤ ከመትከልሽ በፊትና ካወጣሻቸው በኋላ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ዜሮ ማንበባቸውን አረጋግጪ።

አንድ ቀን መሣሪያ መቀየርሽ አይቀርም፤ ላቦራቶሪም ይቀየራል፣ ሰውም ይሄዳል። ያን ጊዜ አሮጌውና አዲሱ አንድ ሙሉ ዓመት ጎን ለጎን ይሥሩ። ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ያለዚያ ግን በመስመሩ ላይ የሚታየው ዝላይ የጅረቱ ይሁን የመሣሪያው ማንም አይለየውም። ከእያንዳንዱ ሳምንት ቅጂም አንድ ትንሽ ጠርሙስ አስቀምጪ፤ ሃባርድ ብሩኮች እንዲህ ያስቀመጡት ውሃ ቀጂዎቹ ያላሰቧቸውን ጥያቄዎች ለመመርመር አገልግሏል።

የጨው ልኬቶችሽን ስትጀምሪ የመጀመሪያዎቹን አሥር ከነከፍታቸው ላኪልኝ፤ ከላሜራው ስሌት ጋር አብረን እናስተያያቸዋለን። በተለይ ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ያሉት እንዳይቀሩ፤ እነሱ የሚገኙት በዝናብ መካከል ነውና ጃንጥላና ሁለተኛ ሰው ይዘሽ ውረጂ። ለእማማ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ልጆቹንም ሳሚልኝ።

የምወድሽ ወንድምሽ